በልጃገረዶች መጽሔት ውስጥ የሞትኩ ሰሞን

ልጄ የገደለችኝ በመጀመሪያው ገጽ፣ በሁለተኛው ሥዕል ላይ ነው። በመጀመሪያው ሥዕል መኪና እየነዳሁ ነው፤ በሁለተኛው መኪናዬ ከድልድይ ላይ ወደ ሐይቅ ትወረወራለች፤ በሦስተኛው ልጅቷ ብቻዋን ቆማ ታለቅሳለች። በቃ፣ አለቀ። ኑዛዜው ይቅር፣ ሸሃዳ እንድይዝ እንኳ ፋታ አልተሰጠኝም።

መሞቴን ያወቅኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ተሳፋሪ ከማንሳቴ በፊት መኪናዬን ስጠርግ ከኋላ ወንበር ላይ የታጠፈ ወረቀት አየሁ። በፎቶኮፒ የተባዛ፣ በስቴፕለር የተመታ፣ ከላይ በእንግሊዝኛ «ሳምንታዊ የሥዕል መጽሔት፣ ለልጃገረዶች ብቻ» ይላል። «ብቻ» የሚለው ተሰምሮበታል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ ዳላስ ዙሪያ ካሉት ከተሞች አንዷ የፕሌኖ አንዷ የሳክሲ ልጅ፣ ጋርላንድ ባለው መስጂዳችን የእሁድ መድረሳ እየተገናኙ የሆነ ነገር እንደሚስሉ እናቷ ነግራኝ ነበር። አበባ ይሆናል ብዬ ነበር የገመትኩት።

ሟቹ አንተ መሆንህን በምን አወቅክ ብትሉኝ፣ ኧረ ተዉኝ! ኮፍያው የእኔ ነው። ጺሙ የእኔ ነው። መሪውን የሚገፋው ሆድ የማን እንደሆነ በምንኖርባት በሜስኪት ከተማ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። በዚያ ላይ ከመሪው ጎን ሁለት ስልክ ተሰክቷል፤ እንደኔ ሁለት የታክሲ አፕ አብርቶ የሚነዳ ስግብግብ በሰፈራችን ሌላ የለም። ደሜ ፈላ። ሰው በገዛ መኪናው ውስጥ የገዛ ሞቱን ጠርጎ ያወጣል? ወላሂ መጥረጊያውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

እንዲያም ሆኖ፣ ከንዴቴ ሥር አንዲት ትንሽ ኩራት ነበረች። ልጅቷ ሥራውን ታውቅበታለች! አባትን በመጀመሪያው ገጽ ማስወገድ የልጃገረዶች ሳምንታዊ መጽሔት የቆየ ሕግ ነው። ይህን ሕግ ዳላስና ፎርት ዎርዝ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

አዎ፣ ባለሙያ ነኝ። ጮክ ብዬ የምናገረው ነገር አይደለም። ሃምሳውን ያለፈ ጺማም የወሎ ሹፌር ስለ ባሌት ጫማ፣ ስለ ፈረስ ግልቢያና ስለ ሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ብትጠይቁት ከሜስኪት እስከ ኤርፖርት ሳያባራ ያወራል ቢባል ማን ያምናል? ጥፋቱ የስኳር ነው።

አባቴ ደሴ ላይ ሱቅ ነበረው። ያኔ ስኳሩም ጨውም በአሮጌ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር የሚሸጠው። አንዲት እንግሊዛዊት አስተማሪ ወደ አገሯ ስትመለስ ዕቃዋን ሸጠች፤ አባቴም አንድ ሳጥን ሙሉ መጽሔት ለመጠቅለያ ብሎ ገዛ። በየሳምንቱ የሚወጣ፣ ለልጃገረዶች የተዘጋጀ፣ ከዳር እስከ ዳር ሥዕል። አስተማሪዋ ልጅ ሆና ያጠራቀመችው ይመስለኛል። ታላቅ እህቴ ሰባተኛ ክፍል ነበረችና እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ እናምን ነበር። ስኳር ሳይቀድማት ታነባለች፣ እኔ ከጎኗ ተለጥፌ ሥዕሉን አያለሁ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሲጠሩኝ «አባዬ ሥራ አዞኛል» እላቸው ነበር።

ችግሩ አባቴ ስለ ተራ ቁጥር ደንታ አልነበረውም፤ ከላይ ያገኘውን ያነሳል። ታሪኩ ደግሞ በየሳምንቱ ትንፋሽ የሚያስይዝ ቦታ ላይ ይቆምና «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል። የሚቀጥለው ሳምንት ግን ግማሽ ኪሎ ስኳር ታቅፎ ከሱቃችን ወጥቶ ሄዷል። እህቴ እሪ ትላለች፤ እኔ ገዢውን አሳድጄ፣ ስኳሩ ወደ ዕቃ እስኪገለበጥ በር ላይ ቆሜ፣ የተጨማደደውን ገጽ ይዤ እመለሳለሁ። አንዳንዱ መጽሔት ደግሞ የኋላ ገጹ ተቆርጧል። ቀሚስ የሚቀያየርላት የወረቀት አሻንጉሊት ስለነበረችበት አስተማሪዋ በልጅነቷ ቆርጣ ወስዳታለች። አባቴ ሳያይ ይጠቀልልበትና ስኳሩ በአሻንጉሊቷ ቀዳዳ እየፈሰሰ ከደንበኛ ጋር ያጣላዋል።

ከሁሉም አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ የመርከብ ካፒቴን ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ባሕር ላይ ይጠፋል። ክፉ አክስቷ ወለል ታስፈትጋታለች፤ ዓይኗ እየፈዘዘ ነው፤ ያም ሆኖ በድብቅ ባሌት ትደንሳለች። ይህ ሁሉ መከራ ባንድ ልጅ ላይ! እህቴ እናቴ ዘንድ ሐሙስ ሐሙስ ለዱዓ ለሚሰበሰቡት ሴቶች ትተርክላቸው ጀመር። ሴቶቹም እንደ ተረት አልሰሙትም። በየሳምንቱ የሚወጣ ወረቀት ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ደግሞ ወሬ ነው፤ እንግሊዝ አገር አንዲት የቲም፣ አባት የሌላት ልጅ፣ እየተሰቃየች ነው። በቃ፣ ዱዓ ተደረገላት።

«ያ ረቢ፣ ያችን የቲም አባቷን መልስላት!» ይላሉ ዱዓ መሪዋ።

«አሚን!»

«ዓይኗን አብራላት! አክስቷን ልብ ስጣት!»

«አሚን!»

አንዷ አንድ ቀን «የፈረንጅ ልጅ ናት እኮ» ብላ ጉምጉም አለች። እናቴ እጇን ሳታጥፍ ዞረችባት። «የፈረንጅ ልጅ አባት አያስፈልጋትም?» አለቻት፤ ዱዓውም ቀጠለ።

ያነበብነው የመጨረሻው ቁጥር ላይ ከመርከብ የሚወርድ ጺማም ሰው ኮፍያው ዓይኑን ሸፍኖት ይታያል። እሱ ይሁን ሌላ ሰው አይታወቅም። «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል። የሚቀጥለውን ሳምንት አባቴ ለአንዲት የሙገድ ሰፈር ሴትዮ ስኳር ጠቅልሎበታል። ሮጬ ስደርስ ምድጃ አቀጣጥላበት ነበር። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ አልረሳችውም። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ስደውልላት ጤናዬን ጠይቃ፣ ሥራዬን ጠይቃ፣ ልትዘጋው ስትል «ያቺ ልጅ አባቷ መጣላት ይሆን?» ትለኝ ነበር። «ኢንሻአላህ መጥቷል» እላታለሁ። ሳታውቅ ሞተች፤ አላህ ይዘንላት።

ሶ፣ ወደ ቴክሳስ ልመልሳችሁ። የኤርፖርት ሹፌር ሥራው መንዳት ይመስላችኋል? መጠበቅ ነው። ኤርፖርቱ ጋ ሰፊ ሎት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ አለ፤ እዚያ ገብተህ ተራ ይዘህ፣ አፑ እስኪጠራህ ትጠብቃለህ። ሌላው ካርታ ይጫወታል፣ ይተኛል፣ ስለ አገር ይጨቃጨቃል። እኔ በስልኬ የልጃገረዶች ሳምንታዊ መጽሔት ታሪክ አነባለሁ። አንድ የኮምቦልቻ ሰው አሉ፣ ሁላችንንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ አንቱ የምንላቸው። አንድ ቀን በመስኮቴ አጎነበሱ።

«አንተ፣ ምንድን ነው እንዲህ ያፈዘዘህ?»

«ታሪክ ነው፣ ጋሼ።»

«የምን ታሪክ?» ብለው ስልኩን አዘነበሉት። ባሌት ቀሚስ የለበሰች ልጅ በአንድ እግሯ ቆማለች። «አስተግፊሩላህ!» አሉና መኪናቸው ውስጥ ገብተው መስኮታቸውን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ሎቱ ውስጥ ስሜ «ባሌት» ነው።

ቢሆንም ብዙ ተምሬያለሁ። መጀመሪያ ላይ እነዚህ ሳምንታዊዎች ጽሑፍ ብቻ ነበሩ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው ሥዕሉ ገጹን የወረሰው። ልጃገረዶቹ ሳንቲማቸውን ይዘው ወደ ሰፈር ሱቅ ይሮጣሉ፤ ሽፋኑ ላይ አንዳንዴ የቆርቆሮ ቀለበት ተለጥፎ ይመጣል። አዘጋጆቹ አንባቢ የሚወደው ልቅሶ መሆኑን ሲደርሱበት የቲም በየቲም ሆነ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ያን ሁሉ የልጃገረድ እንባ ይጽፉ ከነበሩት ብዙዎቹ ስማቸው የማይጻፍ ወንዶች ናቸው! ጎልማሶች፣ ምናልባትም ጺማሞች። ይህን ለኮምቦልቻው ሰው በኩራት ነገርኳቸው። «እነሱም አላህ ይምራቸው» አሉኝ።

አሟሟታቸውም አስቂኝ ነው። አንዱ መጽሔት ገበያ ሲያጣ «ሞትኩ» አይልም። ሽፋኑ ላይ «ታላቅ የምሥራች!» ብሎ ይወጣል። የምሥራቹ ከሌላ መጽሔት ጋር መዋሃዱ ነው። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎ የሟቹ ስም በትንንሽ ፊደል ከሥር ይሆናል፤ አንድ ቀን ታያለህ፣ የለም። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔም ዳላስ ስገባ «አካውንታንት» ነበርኩ፤ ቀጥሎ «አካውንታንት፣ ለጊዜው ሹፌር»፤ አሁን በትንንሽ ፊደል እንኳ የሚጽፈው የለም።

እዚህ ላይ ልጄ ሥዕላዊ መጽሐፍ ማንበብ የጀመረች ሰሞን የሠራሁትንም ልንገራችሁ፤ መሳቃችሁ ካልቀረ። ሶፋ ላይ ተቀምጣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚገለጥ ወፍራም መጽሐፍ ታነባለች። ከቀኝ ወደ ግራ! በየቀኑ! ድምፅ ሳታሰማ! ልቤ በደስታ ሊፈነዳ። ኪታብ እየቀራች ነው ብዬ ቲቪ አጠፋሁ፣ እናቷን በሹክሹክታ አስወራሁ፣ ጁምዓ ዕለት መስጂድ ውስጥ ለኡስታዟ «ያች ልጅ አላህ ልቧን ከፈተላት» አልኩ። ኡስታዙም እሁድ ክፍል ውስጥ አስነስቶ ቁርአን አስቀራት፤ አንድ መስመር አቃታት። መጽሐፉ የጃፓን የልጃገረዶች ሥዕላዊ ታሪክ ነበር፤ እነሱም ከቀኝ ነው የሚገልጡት። «ባባ፣ ሁለተኛ ስለ እኔ ለሰው አትንገር» አለችኝ። ስለ ልብሷም ስለ ትምህርቷም ማውራት ያቆመችው ከዚያ ወዲህ መሰለኝ። ከኋላ ወንበር ገብታ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ትደፍናለች፤ እኔ ከፊት እነዳለሁ። አፑ ላይ ኮከብ የማትሰጥ ተሳፋሪ ሆነች።

በሞቴ ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት ከትምህርት ቤት ሳመጣት በመስታወቱ አየኋትና አልቻልኩም።

«ሐይቁ ውስጥ ምን አድርጌ ነው?» አልኳት።

ማዳመጫውን አወለቀች። «ኦ ማይ ጋድ። ባባ፣ አነበብከው? ለገርልስ ብቻ ይላል እኮ!»

«ለሟቹ ግን መንገር ነበረባችሁ።»

«ስቶሪ ነው! አባትየው መሞት አለበት። ካልሞተ ልጅቷ ፕሮብለም ሲመጣ እሱን ኮል ታደርጋለች፤ ስቶሪው ያልቃል።»

ክርክሩ ልክ ነው፤ ያበሳጨኝም እሱ ነው። «እናትየዋስ?» አልኩ።

«ናይት ሺፍት ናት።»

«ኦኬ። ሬሳው ተገኝቷል?»

«ምን?»

«ሬሳው! ሬሳው ካልተገኘ አልሞተም። የዚህ ዓይነት መጽሔት ሕጉ ይኸው ነው። በመጨረሻው ቁጥር ይመለሳል።»

ወደ ወንበሬ ጠጋ አለችና «ማን ነው ያለው?» አለች። ስኳሩን ነገርኳት፣ የቲሟን ነገርኳት፣ ምድጃውን ነገርኳት። ቤታችን በር ላይ ፓርክ አድርገን ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ አልወረደችም። ስለ አገር ቤት ስነግራት ዓይኗን ሳታንከባልል የሰማችኝ የመጀመሪያ ቀን ነው።

«ያገኙት ኮፍያህን ብቻ ነው» አለች በመጨረሻ።

«አልሐምዱሊላህ!»

«ግን ባባ፣ ብትመለስስ? ማለቴ፣ ስቶሪው ውስጥ ምን ታደርጋለህ? ኤኒዌይ እሁድ እሁድ የለህም።»

በንዴት አይደለም የተናገረችው። ነገ ዝናብ አለ እንደሚባለው ነው። በሩን ከፍታ ወረደች። እሁድ ለሹፌር ደህና ቀን ነው፤ የሰው ሁሉ መመለሻ ነው። ይህን ላስረዳት ነበር፤ ግን እሷ ቤት ገብታለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ፦ ከዚያ ሐይቅ መውጣት። ልጄ በገዛ እጇ እንድታወጣኝ።

እንግዲህ ውርደቴን አስቡት። ሽማግሌ ሰው ከሦስት ልጃገረዶች ደጅ ጠና። በየሳምንቱ «ለምርምር ነው» እያልኩ አዲሱን ቁጥር እለምናለሁ። ታሪኩ ገስግሷል፤ ልጅቷ ፕሌኖ ያለች ሀብታም አክስቷ ዘንድ ገብታ የማያልቅ ቤት ትጠርጋለች፤ እኔ ውኃ ሥር ነኝ። ሐሳብ አቀረብኩ። ሄሊኮፕተር ያውጣው አልኩ። ጭንቅላቱን ተመቶ ስሙን ረስቶ ይሆናል አልኩ። ዓሣ አጥማጆች ደብቀውት ይሆናል አልኩ። «ክሪንጅ» አለችኝ ለሁሉም፤ አሳፋሪ ማለቷ ነው። ስመለስ ከስቼ ብመለስ ቅር አይለኝም አልኩ። በዚህች ብቻ ሳቀች።

ደሴ ላለችው እህቴ ስደውል ለቀልድ ያህል ነገርኳት። ዛሬም በእናቴ ቤት ነው የምትኖረው፤ ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ አሁንም እሷ ዘንድ ይሰበሰባሉ። ትስቃለች ብዬ ነበር።

«ሬሳህ ተገኝቷል?» አለችኝ።

«ኮፍያዬ ብቻ።»

«እንግዲያው አለህ። ክፉዋ አክስት ግን እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም፣ የፕሌኖ ናት።»

«አብሽር፣ ተወው ለኔ» አለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ በቪዲዮ ደወለች። እዚህ ጠዋት ነው፤ ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ቁርሷን ትበላለች። ስልኩን ሳነሳው የእናቴ ሳሎን ነው፤ ሻሽ ያሰሩ እናቶች እጃቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ልጄ ማንኪያዋን እንደያዘች ጠጋ አለች።

«ያ ረቢ!» አሉ አንዲት አሮጊት። «ያን ልጃችንን ከዚያ ውኃ አውጣልን!»

«አሚን!»

«ልጁ የቲም እንዳትሆን!»

«አሚን!»

«ባባ» አለች ልጄ በሹክሹክታ፣ «ሪል መስሏቸው ነው?»

ከመሃል አንዷ ስልኩን ተጠግተው «ልጄ፣ ውኃው ይቀዘቅዛል?» ብለው ጠየቋት።

«ኖ፣ እ... አይበርድም። ቴክሳስ ሙቅ ነው» አለች ልጄ፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

«ቢሞቅስ!» አለች እህቴ። «መዋኘት መች ይችላል! ስሚ የወንድሜ ልጅ። እኛ አንድ አባት ጠፍቶብን ይምጣ አይምጣ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እናታችን ሳታውቅ ሄደች። ሁለተኛ አይጥፋብን።»

ልጄ አፏን ያዘች። መኪና ውስጥም ማዳመጫዋን አላደረገችም። «ሪደሮች አሉኝ ማለት ነው» አለች። «ኢትዮጵያ ውስጥ።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሳክሲዋ ልጅ ቤተሰብ ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ሊሄድ ሆነ። መጽሔቱ ሊዘጋ ነው። ልጄ በመኝታ ቤቴ በር ላይ ቆመች። «ላስት ኢሹ ነው። እሁድ ከመድረሳ በኋላ እናድላለን። ትመጣለህ? ፕሮሚስ?»

«ወላሂ» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው።

እሁድ ጠዋት አንድ ትሪፕ ብቻ ብዬ ወጣሁ። ጎረቤታችንን ኤርፖርት ማድረስ ነው፤ አድርሼ ስመለስ ገና ጊዜ አለ። አድርሼም ነበር። ባዶ መኪና ይዞ መመለስ ግን ለኔ ሕመም ነው፣ ሱስ ነው ብትሉም አልቆጣም። ሎቱን በዓይኔ አየሁት፤ ተራው አጭር ነው። ወደ ጋርላንድ የሚሄድ አንድ ሰው ባገኝ ምን አለበት ብዬ ገባሁ። ከዚያ ተራው ቆመ። አውሮፕላኖቹ ዘገዩ አሉ። ለሚስቴ «መጣሁ» ብዬ ጻፍኩ። እንደገና «መጣሁ» ብዬ ጻፍኩ። ብወጣ ተራዬ ይቃጠላል፤ አንድ ጊዜ ከጠበቅክ ደግሞ የጠበቅከው ራሱ ይይዝሃል። የኮምቦልቻው ሰው ብስኩት አቀበሉኝ፤ በላሁ። አዎ፣ ቁጭ ብዬ ብስኩት በላሁ።

ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ አንድ ቃል ሳትጨምር ፎቶ ልካለች፤ የመጨረሻው ቁጥር፣ የመጨረሻው ገጽ ነው።

ልጅቷ ሐይቁ ዳር ቆማለች። ጠላቂዎች ከውኃው ወጥተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሰው የለም። በሚቀጥለው ሥዕል ስልኳ ይጮሃል። «ባባ! የት ነህ? ሐይቁ ውስጥ አይደለህም?» ትላለች። ከሥሩ ያ ሆዳም ሰው፣ ኮፍያ የሌለው፣ በብዙ መኪና መሃል፣ ሁለት ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። «የምን ሐይቅ?» ይላል። «ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነው። መጣሁ።»

ከዚያ አንድ ሳጥን ይቀራል። ባዶ ነው። መስመሩ አለ፤ ውስጡ ነጭ።

መሪው ላይ ተደፋሁ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ወላሂ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ግን ደሴ ትዝ አለችኝ። እነዚያ እናቶች ለሳምንታት እጃቸውን ዘርግተው ከውኃ አውጣው ያሉት ሰው ውኃ አልነካውም። ሎት ውስጥ ነው። ብስኩት እየበላ። ሞተሩን አስነሳሁ።

«ባሌት! ወዴት ነው? ተራህ ደረሰ እኮ!» አሉ የኮምቦልቻው ሰው።

«ከሐይቅ ልወጣ ነው፣ ጋሼ!» አልኳቸው። እጃቸውን አወናጨፉ፤ አበደ ማለታቸው ነው።

ጋርላንድ ስደርስ መጽሔቱ ታድሎ፣ ሰዉ ተበትኖ፣ ወንበሮቹ ተደራርበዋል። ሚስቴ አዳራሹ ውስጥ እየጠረገች ነበር፤ አየችኝና ወደ ደረጃው በአገጯ ጠቆመችኝ። ልጄ አንድ መጽሔት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዘርጣጣ ሆዴን ይዤ እያለከለክኩ ፊቷ ቆምኩ። 

«የመጨረሻው ሳጥን ለምን ባዶ ሆነ?» አልኳት።

«አላወቅኩማ» አለች፤ ወደ መሬት እያየች። «እሁድ ትመጣ አትመጣ አላወቅኩም። ስለማላውቅ አልሳልኩትም። ለሁሉም ባዶውን ነው የሰጠነው።»

«ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከግንባሬ እስከ ጫማዬ። ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች። «አትንቀሳቀስ» አለች።

አልተንቀሳቀስኩም። ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰኛል። ኪሴ ውስጥ አንደኛው ስልክ ጮኸ፤ ተሳፋሪ ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው ጮኸ። «ባባ፣ አትንቀሳቀስ አልኩህ» አለች ቀና ሳትል። ሁለቱም ጮኸው ጮኸው ዝም አሉ።

ስትጨርስ አዞረችልኝ። ኮፍያዬን መልሳልኛለች፤ ውኃ ያንጠባጥባል። ሆዴ ግን የሳጥኑን መስመር አልፎ ወጥቷል።

«አልገባ አለኝ» አለች።

ሥዕሉን በስልክ አንስቼ ለእህቴ ላክሁ፤ «ወጥቷል በያቸው» ብዬ ጻፍኩ። ሴቶቹ የሚሰበሰቡት ሐሙስ ነውና እስከዚያ መልስ አልመጣም። ሐሙስ ጠዋት የድምፅ መልእክት ደረሰኝ፤ ልጄም አብራኝ ሰማች። መጀመሪያ የሚሰማው እልልታ ብቻ ነው። እልልታው ጋብ ሲል እህቴ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ባላውቅም፣ እንዲህ አለች፦ «ነግሬያቸዋለሁ። እንኳን ወጣልን፣ አሁን ኮፍያውን ያድርቅ፣ እንዳይበርደው ብለውሃል።»